ከፊት የሚሄድ ሰው ጀርባ፤ ሆማሬ ሳዋና የጃፓን ሴቶች እግር ኳስ

በቋንቋችን «ጀርባውን ሰጠ» የተባለ ሰው ወይ ከጦር ሜዳ የሸሸ ነው፤ ወይም ወዳጁን በክፉ ቀን የከዳ ነው። ስለዚህ ጀርባ በአነጋገራችን መልካም ስም የለውም። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው የሰው ጀርባ ለሌላ ሰው የሚታየው በሁለት ምክንያት መሆኑን እንረዳለን። አንደኛው ሰውዬው በሸሸ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በቀደመ ጊዜ ነው። የሸሸውን ሰው ጀርባ የሚያየው አሳዳጁ ሲሆን የቀደመውን ሰው ጀርባ የሚያየው ግን ተከታዩ ነው።

ይህን ለማለት ያነሣሣን አንድ ምክር ነው። በ2008 ዓ.ም. በቤጂንግ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር የጃፓን ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ለነሐስ ሜዳሊያ ከጀርመን ቡድን ጋራ በገጠመ ጊዜ፥ ከአንጋፋዎቹ ተጫዋቾች አንዷ የነበረችው ሆማሬ ሳዋ፥ በጨነቃችሁ ጊዜ የእኔን ጀርባ ተመልከቱ ብላ ታናናሾችዋን እንደ መከረቻቸው ጓደኞችዋ በኋላ ተናግረዋል። በዚያ ቀን ጃፓኖች 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ ሜዳሊያውም ቀረባቸው። ምክሩ ግን በሰሚዎቹ ልብ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ እነዚያው ታናናሾች ያንኑ ጀርባ እየተከተሉ የዓለምን ዋንጫ አነሡ።

በዚህ ጽሑፋችን የሆማሬ ሳዋን የጨዋታ ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአጭሩ እንተርካለን። ዓላማችን የግቦችን ቁጥር ለመደርደር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው የጀመረው ሥራ ገና ፍሬ ሳያፈራ፥ ደጋፊውም ገንዘቡም ሲጐድልበት፥ ጸንቶ መቆየቱ ለሚመጣው ትውልድ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚህች ሴት ታሪክ ለማሳየት ነው። አንባቢዎቻችን እንዳይሳሳቱ፥ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ወደ ሳዋ ታሪክ ከመግባታችን በፊት፥ ከርስዋ ቀድመው መንገዱን የጠረጉትን ጥቂት ሴቶች ማንሣት ይገባናል። ኪኑዬ ሂቶሚ የተባለችው ጃፓናዊት በ1928 ዓ.ም. በአምስተርዳም ኦሊምፒክ በ800 ሜትር ሩጫ ሁለተኛ ወጥታ ለአገርዋ ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አገኘች። ሆኖም በዚያን ዘመን የነበሩ ሹማምንት ሴቶች ይህን ያህል ርቀት ለመሮጥ ዐቅም የላቸውም ብለው ስለ ፈረዱ ይኸው ሩጫ እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ለሴቶች ተከልክሎ ቀረ። ሂቶሚም በ1931 ዓ.ም. በ24 ዓመት ዕድሜዋ በሳንባ ሕመም ዐረፈች።

ከዚያ በኋላ ጃፓን በጦርነት ፈርሳ እንደ ገና በተሠራች ጊዜ በ1964 ዓ.ም. የቶክዮ ኦሊምፒክ ተደረገ። የጃፓን ሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን የሶቪየት ኅብረትን ቡድን 3 ለ 0 አሸንፎ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። ከነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ የአንድ የፈትልና የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀን የፋብሪካውን ሥራ ሠርተው ከዋሉ በኋላ ሌሊቱን ያጋምሱ የነበረው በልምምድ ነው። የፍጻሜውን ጨዋታ ከመቶ የጃፓን ቴሌቪዥን ተመልካች ቤቶች ወደ 67 የሚሆኑት እንደ ተከታተሉት ተመዝግቧል። ሕዝቡ ሴቶችን በስፖርት ሜዳ ማየትን እንደ ክብር መቊጠር የጀመረው ያን ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል።

እግር ኳስ ግን የወንዶች ጨዋታ ተብሎ ቀርቶ ነበር። የጃፓን ሴቶች እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1979 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው የመላው ጃፓን የሴቶች ውድድር በያንዳንዱ ወገን የተሰለፉት 8 ተጫዋቾች ብቻ ሲሆኑ፥ ኳሱ ከወንዶቹ ያነሰ፥ የእያንዳንዱ ግማሽ ጊዜም 25 ደቂቃ ብቻ ነበር። ይህም የሆነው ሴቶች ሙሉውን ጨዋታ አይችሉትም በሚል ሐሳብ ነው። በ1981 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ ቡድን ወደ ሆንግ ኮንግ ሄዶ ተጫወተ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ስድስት ቡድኖች ያሉት የሴቶች ሊግ ተመሠረተ። ሆማሬ ሳዋ በዚያ ዓመት የ11 ዓመት ልጅ ነበረች።

ሳዋ የተወለደችው በሴፕቴምበር 6 ቀን 1978 ዓ.ም. በቶክዮ አውራጃ ውስጥ በፉቹ ከተማ ነው። ኳስን የለመደችው ታላቅ ወንድምዋን ተከትላ ከወንዶች ልጆች ጋራ በመጫወት ነው። በ1991 ዓ.ም. ገና በ12 ዓመትዋ፥ ዮሚዩሪ ቤሌዛ በሚባለው ዝነኛ የሴቶች ቡድን ውስጥ ገብታ ከአዋቂዎች ጋራ በሊጉ ተሰለፈች። ዕድሜዋ 15 በሆነ ጊዜ ደግሞ፥ በዲሴምበር 1993 ዓ.ም. በማሌዥያ በተደረገው የእስያ ውድድር ለብሔራዊው ቡድን ተመርጣ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከፊሊፒንስ ጋራ አደረገች። በዚያ ጨዋታ ብቻ 4 ግብ አገባች።

እንዲህ ያለ ጅምር ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ሜዳ ይሆናል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. በስዊድን በተደረገው የዓለም ዋንጫ ጃፓን ከስምንቱ ቡድኖች ተርታ ብትደርስም በአሜሪካ 4 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች። በ1996 ዓ.ም. የሴቶች እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲገባ፥ ጃፓኖች በአትላንታ ሦስት ጨዋታ ተጫውተው ሦስቱንም ተሸነፉ። በ1999 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫም ከካናዳ ጋራ አንድ ለአንድ ከመለያየታቸው በቀር በሩስያ 5 ለ 0፥ በኖርዌይ 4 ለ 0 ተረቱ። በዚህ ምክንያት በሲድኒ ከተማ ወደሚደረገው የ2000 ዓ.ም. ኦሊምፒክ የመሄድ መብታቸውን አጡ።

ይህ ሽንፈት የመጣው በክፉ ጊዜ ነበር። የጃፓን ሴቶች ሊግ የቆመው በኩባንያዎች ገንዘብ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት የአገሪቱ የንግድ ሁኔታ ሲበላሽ ኩባንያዎቹ ወጪያቸውን መቀነስ ጀመሩ፤ ለመቀነስም ቅድሚያ የሰጡት ለሴቶቹ ቡድን ነው። ከታወቁት ቡድኖች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበተኑ። ገንዘብ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ጥቂት ስለ ነበሩ፥ ሌሎቹ ቀን በሱቅና በቢሮ እየሠሩ ማታ ማታ ይለማመዱ ነበር። ከኦሊምፒክ መቅረት ደግሞ የጋዜጦችን ዐይን ከነርሱ ላይ አነሣ። አንድ ሥራ የሚሞተው ጠላት ስለ ተነሣበት ብቻ አይደለም፤ የሚያስታውሰው ሰው ሲያጣም ይሞታል። የጃፓን ሴቶች እግር ኳስ በነዚያ ዓመታት ለዚህ ዐይነቱ ሞት ተቃርቦ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሳዋ ትምህርትዋን አቋርጣ በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ አገር ተሻገረች። በመጀመሪያ በዴንቨር ከተማ ተጫወተች። በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ በደመወዝ የሚጫወቱ ሴቶች ሊግ ሲመሠረት ደግሞ የአትላንታ ቡድን አባል ሆነች። በዚያም ከዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ጋራ በየሳምንቱ እየተጋጠመች፥ ከርስዋ የሚረዝሙትንና በጉልበት የሚበልጡትን ሴቶች በፍጥነትና በማስተዋል መብለጥን ተማረች። ሆኖም ያም ሊግ ገንዘብ አጥቶ በሴፕቴምበር 2003 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተዘጋ። ሳዋም ወደ ቀድሞ ቡድንዋ ወደ ቤሌዛ ተመለሰች። እንግዲህ ሁለት አገር፥ ሁለት ሊግ፥ ሁለቱም በእጅዋ ላይ ሲፈርሱ አይታለች ማለት ነው። ሰው በሁለት ቤት ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ሦስተኛውን ለመሥራት ሲነሣ ያን ጊዜ ጽናቱ ይታወቃል።

የለውጡ ቀን ኤፕሪል 24 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ቀን በቶክዮ ብሔራዊ ስታዲየም ጃፓን ከሰሜን ኮርያ ጋራ ገጠመች። ያሸነፈው ወደ አቴና ኦሊምፒክ ይሄዳል፤ የሰሜን ኮርያ ቡድን ደግሞ በ2001 እና በ2003 ዓ.ም. የእስያን ዋንጫ የወሰደ ኀይለኛ ቡድን ነበር። ለጃፓኖች ይህ ጨዋታ ከሜዳሊያ የበለጠ ነገር ነበረው። ለሁለተኛ ጊዜ ከኦሊምፒክ ቢቀሩ የተረፉት ቡድኖችና የተረፈው ገንዘብ እንዴት እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ይህ ስታዲየም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስፍራ አይደለም። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በኦክቶበር 21 ቀን 1964 ዓ.ም. ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ በተከታታይ ለሁለተኛ ጊዜ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው፥ ከዚያም በሣሩ ላይ ሰውነቱን እያፍታታ ዓለምን ያስደነቀው በዚሁ ስፍራ ነበር። የዚያ ዘመን ስታዲየም ዛሬ ፈርሶ በስፍራው አዲስ ተሠርቷል። ነገር ግን ሁለቱ ታሪኮች በአንድ መሬት ላይ መፈጸማቸውን ስናስብ፥ ሕመሙን በልቡ ይዞ ለሮጠ ሰው ያ ሜዳ የተመረጠ ይመስለናል። ሳዋም በዚያ ቀን ጉልበትዋን ታማ፥ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግታ ነው የተሰለፈችው። ጨዋታውን ከ31 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተመለከተ። ጃፓን 3 ለ 0 አሸነፈች።

በዚያው ዓመት የእግር ኳሱ ማኅበር ለሴቶቹ ቡድን ስም እንዲያወጣ ሕዝቡን ጠይቆ «ናዴሺኮ ጃፓን» የሚለውን መረጠ። ናዴሺኮ በጃፓን ሜዳ የምትበቅል ስስ አበባ ስትሆን፥ ጃፓኖች ደግሞ ጨዋና ትሑት፥ በልብዋ ግን ብርቱ የሆነችውን ሴት በዚህ አበባ ስም ያመሰግኑአታል። ስም መውጣቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ስም የሌለውን ነገር ሰው ለማስታወስ አይችልም፤ ስለ ሆነም ቡድኑ ስም ባገኘ ጊዜ በሕዝብ ልብ ውስጥ ቦታ አገኘ።

በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊውን ቡድን አሠልጣኝነት የተረከቡት ኖሪዮ ሳሳኪ በሳዋ ላይ ትልቅ ለውጥ አደረጉ። እስከዚያ ድረስ ሳዋ የምትጫወተው ከአጥቂዎቹ አጠገብ ሆና ግብ በማግባት ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ኋላ ስበው በሜዳው መካከል፥ ከተከላካዮች ፊት አቆሙአት። በዚህ ስፍራ የሚጫወት አማካይ ሥራው ብዙ ምስጋናው ጥቂት ነው። የጠላትን ኳስ መንጠቅ፥ የጓደኛን ስሕተት መሸፈን፥ ያገኙትን ኳስ ለሌላ አሳልፎ መስጠት የርሱ ፈንታ ነው። ግብ የማግባት ልማድ ያላትና ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ተጫዋች ይህን ቦታ ተቀብላ እንደ ገና መማርዋ ከባሕርይዋ ትልቅነት የመጣ ነው። ቡድኑም በቤጂንግ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በመግቢያችን ላይ የጠቀስነው ምክርም የተነገረው በዚያ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ የ2011 ዓ.ም. መከራ መጣ። በማርች 11 ቀን በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ አጠገብ በመለኪያው 9 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። እርሱን ተከትሎ የመጣው የባሕር ማዕበል ከተሞችን ጠራርጎ ወሰደ። ወደ 16 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ከ2,500 የሚበልጥ ደግሞ የገባበት ሳይታወቅ ቀረ። በፉኩሺማ የነበረው የኑክሌር ኀይል ማመንጫ ተበላሽቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ተሰደደ።

ይህ መከራ የሴቶቹን እግር ኳስ በቀጥታ ነክቶታል። የማመንጫው ባለቤት የሆነው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በዚያ አካባቢ የሴቶች ቡድን ነበረው፤ ቡድኑም ከአደጋው በኋላ ሥራውን አቆመ። በአቅራቢያው የነበረውና ብሔራዊ ቡድኖች ይለማመዱበት የነበረው ትልቅ ማሠልጠኛ፥ አደጋውን ለመግታት የሚደክሙት ሠራተኞች ሰፈር ሆነ። ከብሔራዊው ቡድን ተጫዋቾች አንዷ ካሪና ማሩያማ ቀደም ባሉት ዓመታት ለዚያው ቡድን እየተጫወተች በዚያው ማመንጫ ትሠራ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ቡድኑ ወደ ጀርመን ሄደ። ሳዋ የ32 ዓመት ሴትና የቡድኑ አምበል ነበረች፤ የዓለም ዋንጫ ስትጫወትም አምስተኛ ጊዜዋ ነው። ጃፓን ኒው ዚላንድን 2 ለ 1 አሸነፈች። ሜክሲኮን 4 ለ 0 ስትረታ ሦስቱን ግቦች ያገባችው ሳዋ ናት። በእንግሊዝ ግን 2 ለ 0 ተሸነፈች። በዚህም ምክንያት በሚቀጥለው ጨዋታ የምትገጥመው ከአስተናጋጂቱ ከጀርመን ጋራ ሆነ። ጀርመን ደግሞ በ2003 እና በ2007 ዓ.ም. ዋንጫውን በተከታታይ የወሰደች ነበረች። አሠልጣኙ ሳሳኪ ከጨዋታው በፊት በማዕበሉ የፈረሱትን ከተሞች ሥዕል ለተጫዋቾቹ አሳዩአቸው። መደበኛው ጊዜ ያለ ግብ አለቀ። በ108ኛው ደቂቃ ሳዋ ያሻገረችውን ኳስ ይዛ ብቸኛዋን ግብ ያገባችው ካሪና ማሩያማ ናት። በፉኩሺማ ማመንጫ የሠራችው ሴት ይህን ግብ ማግባትዋ ለጃፓን ሕዝብ ምን ማለት እንደ ነበረ አንባቢው ራሱ ሊገምተው ይችላል። ከዚያም ስዊድንን 3 ለ 1 አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። ተጫዋቾቹ በየጨዋታው ፍጻሜ ለዓለም ሕዝብ ርዳታ ምስጋና የተጻፈበትን ጨርቅ ዘርግተው ሜዳውን ይዞሩ ነበር።

የፍጻሜው ጨዋታ በጁላይ 17 ቀን 2011 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ከተማ ከአሜሪካ ጋራ ተደረገ። ሁለቱ ቡድኖች ከዚያ በፊት 25 ጊዜ ተገናኝተው፥ ጃፓን 22 ጊዜ ተሸንፋ ሦስት ጊዜ ብቻ አቻ ወጥታ ነበር፤ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። በ69ኛው ደቂቃ አሌክስ ሞርጋን ለአሜሪካ አገባች፤ በ81ኛው ደቂቃ አያ ሚያማ ለጃፓን መለሰች። በተጨማሪው ጊዜ በ104ኛው ደቂቃ አቢ ዋምባክ በራስዋ መትታ አሜሪካን እንደ ገና አስቀደመች። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፥ በ117ኛው ደቂቃ ጃፓን የማዕዘን ምት አገኘች። ሚያማ መታች። ሳዋም ከተከላካዮቹ መካከል ሮጣ ወጥታ ወደ ቅርቡ ቋሚ ደረሰችና በቀኝ እግርዋ ውጫዊ ጎን ኳሱን ነካ አድርጋ ወደ መረቡ ላከችው። ሁለት ለሁለት ሆነ።

ዕጣው በፍጹም ቅጣት ምት ሲለይ፥ በረኛዋ አዩሚ ካይሆሪ ሁለት ኳስ አዳነች፤ አንዱ ደግሞ በላይ ወጣ። ሳዋ አልመታችም። የመጨረሻውን ምት መትታ ዋንጫውን ለጃፓን ያስገኘችው የ20 ዓመትዋ ሳኪ ኩማጋይ ናት። በዚህ ውስጥ ጥሩ ትምህርት አለ ብለን እናምናለን። አምበልዋ ቡድንዋን እስከ በሩ አድርሳ በሩን የከፈቱት ታናናሾችዋ ናቸው። ጃፓንም የዓለምን ዋንጫ ያገኘች የመጀመሪያይቱ የእስያ አገር ሆነች።

ሳዋ በዚህ ውድድር አምስት ግብ አግብታ የግብ አግቢዎች ቀዳሚ ሆነች፤ ምርጥ ተጫዋችም ተባለች። በጃንዋሪ 2012 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ የዓለም ምርጥ ሴት ተጫዋችን ሽልማት የአገርዋን ልብስ ኪሞኖ ለብሳ ተቀበለች። ከዚያ በፊት ይህን ሽልማት የብራዚሏ ማርታ አምስት ዓመት በተከታታይ ወስዳው ነበር። የጃፓን መንግሥትም ለነጠላ ሰዎች ብቻ ይሰጥ የነበረውን የሕዝብ ክብር ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ለቡድን ሰጠ። ቀድሞ ጥቂት መቶ ሰው ይመለከተው የነበረውን የሊግ ጨዋታ፥ ቡድኑ ከጀርመን በተመለሰ በሳምንቱ በኮቤ ከተማ ከ17 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ መጣና አየው።

ነገር ግን ጭብጨባ ሁሉ ፍትሕ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የጃፓን ወንዶችና ሴቶች ቡድኖች ለለንደን ኦሊምፒክ በአንድ አውሮፕላን ሲሄዱ፥ አብዛኞቹ ገና ከ23 ዓመት በታች የሆኑት ወንዶች በፊተኛው ባለ ከፍተኛ ዋጋ መቀመጫ፥ የዓለም ባለ ዋንጫዎቹ ሴቶች ግን ከኋላ ዝቅ ባለው ማዕረግ ተቀመጡ። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሳዋ ስለዚሁ ስትጠየቅ በዕድሜም ቢሆን ታላቆቹ እኛ ስለ ሆንን ነገሩ መገልበጥ ነበረበት ስትል በጨዋ አነጋገር ተናገረች። ሴቶቹ በዌምብሌ ስታዲየም ከ80 ሺህ በሚበልጥ ሕዝብ ፊት በአሜሪካ 2 ለ 1 ተሸንፈው የብር ሜዳሊያ ይዘው ሲመለሱ መቀመጫቸው ከፍ ተደረገላቸው። ክብር ለሥራ የሚሰጥ እንጂ ለጾታ የሚሰጥ አለመሆኑን ለማስታወስ ሁለት ሜዳሊያ አስፈልጎ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሳዋ የራስ ማዞር በሽታ ይዟት ከጨዋታ ርቃ ነበር፤ አምበልነቱም ወደ ሚያማ ተላለፈ። ሥልጣኑን ለታናሽ ካስረከቡ በኋላ በዚያው ቡድን ውስጥ ተራ ሠራተኛ ሆኖ ማገልገል ለብዙ ሰው የሚከብድ ነገር ነው። እርስዋ ግን በለንደን ተሰለፈች፤ በ2015 ዓ.ም. በካናዳ ደግሞ ከተቀያሪዎች ጋራ ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች፤ ይህም ስድስተኛው የዓለም ዋንጫዋ ነበር። በፍጻሜው ጨዋታ ጃፓን በአሜሪካ ስትረታ ሳዋ በመጀመሪያው ግማሽ ተቀይራ ገባች። ሚያማም የአምበልነቱን ምልክት ከክንድዋ አውልቃ በሳዋ ክንድ ላይ አሰረችላት። ጨዋታው 5 ለ 2 በሽንፈት ተፈጸመ፤ ያች ትንሽ ጨርቅ ግን ከዋንጫ የማታንስ ሽልማት ነበረች ለማለት እንደፍራለን።

ሳዋ በዲሴምበር 2015 ዓ.ም. በ37 ዓመትዋ ጨዋታ ማቆምዋን አስታወቀች። የመጨረሻ ጨዋታዋ በዲሴምበር 27 ቀን የተደረገው የእቴጌዪቱ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ከ20 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በተገኘበት በዚያ ቀን የኮቤ ቡድንዋ 1 ለ 0 ሲያሸንፍ፥ ያችን አንዲት ግብ ከማዕዘን ምት የመጣውን ኳስ በራስዋ መትታ ያገባችው እርስዋው ናት። በብሔራዊው ቡድን 205 ጊዜ ተሰልፋ 83 ግብ አግብታለች። ይህም በ22 ዓመት ውስጥ የተሠራ ሥራ ነው።

ታሪኩን በዚህ ብንዘጋው ተረት ይመስላል። ሆኖም እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ይገባናል። እርስዋ ከተሰናበተች ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በማርች 2016 ዓ.ም. የጃፓን ሴቶች በኦሳካ ከተማ በተደረገው ማጣሪያ ወድቀው ከሪዮ ኦሊምፒክ ቀሩ። የአንድ ሰው ጀርባ ለዘለዓለም ከፊት እንደማይቆም ይህ ያስረዳል። ተከታዮች ራሳቸው ቀዳሚ መሆን አለባቸው፤ ለዚህም ከሰው ዕድሜ የሚረዝም ድርጅት ያስፈልጋል። በ2021 ዓ.ም. በጃፓን የመጀመሪያው በደመወዝ የሚጫወቱ ሴቶች ሊግ ተጀመረ። በ2023 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫም ሂናታ ሚያዛዋ የተባለች ጃፓናዊት አማካይ ልክ እንደ ሳዋ አምስት ግብ አግብታ የግብ አግቢዎች ቀዳሚ ሆነች። ሳዋ ዋንጫውን ባነሣች ጊዜ ሚያዛዋ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሳዋም ሊጉ ሲመሠረት የነበራት ዕድሜ ይኸው ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ነገር ይህ ነው። በፍራንክፈርት የታየው ድል በአንድ ማታ የተገኘ አልነበረም። ጋዜጣ የማይጽፍላቸው፥ ሱቅ ውለው ማታ የሚለማመዱ፥ ቡድናቸው ሲበተን ሌላ ቡድን ፈልገው የሚገቡ ሴቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ያቆዩት እሳት ነው በዚያ ሌሊት የነደደው። ዋንጫ የፈረሰ ቤት አይሠራም፤ የሞተንም አያስነሣም። ነገር ግን በመከራ ለተቀመጠ ሕዝብ፥ 25 ጊዜ ያላሸነፈ ሰው በ26ኛው ሊያሸንፍ እንደሚችል በዐይኑ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ሹም ቢሆን በቢሮው፥ መምህር ቢሆን በትምህርት ቤቱ፥ ከፊት የተቀመጠ ሁሉ አንድ ነገር እንዲያስብ እንወዳለን። ተከታዮቹ ንግግሩን የሚሰሙት አልፎ አልፎ ነው፤ ጀርባውን ግን ዘወትር ያያሉ። ያም ጀርባ የሚሸሽ ሰው ጀርባ ነው ወይስ የሚቀድም ሰው ጀርባ ነው ብለው የሚፈርዱት በክፉው ቀን ነው። ሆማሬ ሳዋ ጀርባዬን ተመልከቱ ያለችው በተሸነፈችበት ቀን ነበር።